ስለ አይሮፕላን የበረራ ትርኢትና ስለ ተርቦፕሮፕ ሞተር አሠራር

አይሮፕላን በሰማይ ሲያልፍ ማየት በአሁኑ ዘመን ለባላገር ሰው እንኳ እንግዳ ነገር አይደለም። ፖቴዝ 25 የተባለው የፈረንሳይ አይሮፕላን ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓመተ ምሕረት አዲስ አበባ ላይ ካረፈ ወዲህ መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ብቻ ቀርቶታል። ዳሩ ግን ማየትና ማወቅ ልዩ ልዩ ናቸው። ሕፃናት ወደ ሰማይ እያመለከቱ «ይህ በምን ኃይል ይሄዳል?» ብለው በጠየቁ ጊዜ አስተማሪው «በሞተር ነው» ብሎ ቢያልፍ፥ ጥያቄውን ዘጋው እንጂ አልመለሰውም።

ጆሮውን አቅንቶ ለሚያዳምጥ ሰው የአይሮፕላን ድምፅ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እጅግ ከፍ ብሎ የሚሄደው፥ አንዳንድ ጊዜም ከኋላው ነጭ መሥመር የሚተወው፥ እንደ ሩቅ ነጐድጓድ የሚሰማው ጄት ነው። ሁለተኛው ከዚያ ዝቅ ብሎ እንደ ንብ መንጋ እያጕረመረመ የሚሄድ፥ በክንፉ ወይም በአፍንጫው ላይ የሚሽከረከር ነገር ያለበት ነው። ይህ የሚሽከረከረው ነገር ፕሮፔለር ይባላል። ብዙ ሰው ፕሮፔለር ያለበትን አይሮፕላን ባየ ጊዜ «ይህስ የጥንቱ ዓይነት ነው፤ ጄት ከመጣ ወዲህ የቀረ ነው» ይላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2010 ዓመት በአውሮፓ አቈጣጠር ያስመጣው፥ ወደ ባሕር ዳር፥ ወደ ላሊበላና ወደ ጅማ ሲመላለስ የሚታየው ኪው 400 የተባለው አይሮፕላን ምንም እንኳ ፕሮፔለር ቢኖረው፥ በውስጡ ያለው ሞተር ከጄቱ ሞተር ጋር የአንድ ዘር ነው። ይህ ዓይነት ሞተር ተርቦፕሮፕ ይባላል፤ ስሙም ተርባይንና ፕሮፔለር ከሚሉት ሁለት ቃላት የተገጠመ ነው። ከሁለቱ ሞተሮች እያንዳንዱ ከ5,000 የሚበልጥ የፈረስ ጕልበት አለው። አንድ የፈረስ ጕልበት ማለት 75 ኪሎ ግራም ያህል ሸክም በአንድ ሰከንድ ውስጥ አንድ ሜትር ከፍ የሚያደርግ ኃይል ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠራው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

የዚህ ሞተር ጠባይ ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የሚታየው ግን መንገደኛ በሚያመላልሱት አይሮፕላኖች ሳይሆን የበረራ ትርኢት በሚያሳዩት ላይ ነው። መንገደኛ የሚጭነው ቀጥ ብሎ ይነሣል፥ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፥ በዝግታ ይወርዳል። ትርኢት የሚያሳየው ግን ሽቅብ ይወጣል፥ ቍልቍል ይወረወራል፥ በጀርባው ተገልብጦ ይሄዳል፥ ከጓደኞቹም ጋር ክንፍ ለክንፍ ተጠጋግቶ ይዞራል። በዚህ ሁሉ መካከል ሞተሩ አንዲት ሰከንድ እንኳ ቢሰንፍ ጥፋት ይሆናል። ስለዚህ ሞተሩን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው በትርኢቱ ቢጀምር ይጠቅመዋል።

የበረራ ትርኢት ከአይሮፕላን ጋር አብሮ ያደገ ነገር ነው። በፈረንሳይ አገር በሬምስ ከተማ አጠገብ በነሐሴ ወር 1909 ዓመት ለስምንት ቀን ታላቅ የበረራ ሳምንት ተደርጎ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ በፓሪስ አጠገብ በለቡርዤ፥ በእንግሊዝ አገርም በፋርንቦሮ ሠሪዎች ሥራቸውን ለዓለም የሚያሳዩበት ጉባኤ ተለምዷል። አንዳንድ ሽማግሌዎች ይህን «ነዳጅ የሚፈጅ ጨዋታ» ይሉታል። ከፊሉ እውነት ነው። ነገር ግን ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ የብራዚል ነገር ያስረዳል።

በብራዚል አገር በሪዮ ዴ ዣኔሮ አጠገብ ካምፖ ዶስ አፎንሶስ በሚባል ስፍራ የአየር ኃይል ተማሪ ቤት ነበረ። በዚያ የሚያስተምሩት መኰንኖች ተማሪዎቻቸው አይሮፕላኑን ሲፈሩ ባዩ ጊዜ፥ በዕረፍታቸው ሰዓት እየወጡ በዚያው ተማሪዎቹ በሚማሩበት ቲ 6 በተባለው አይሮፕላን በሰልፍ መብረርንና መገለባበጥን ይለማመዱ ጀመር። አሳባቸው ተማሪው ማሽኑ የሚታመን መሆኑን በዓይኑ እንዲያይ ነው። ግንቦት 14 ቀን 1952 ዓመት የመጀመሪያውን ሥነ ሥርዓታዊ ትርኢት አሳዩ። በማግሥቱ ዓመት ጢስ የሚያወጣ የዘይት ጋን በአይሮፕላኖቹ ላይ ስለ ተጨመረ ሕዝቡ «የጢሱ ጓድ» ብሎ ሰየማቸው፤ በአገራቸው ቋንቋ «እስኳድሪሊያ ዳ ፉማሳ» ማለት ነው። ይህ ስም እስከ ዛሬ አለ።

በ1969 ዓመት ጓዱ ፉጋ ማጂስተር የሚባል የጄት አይሮፕላን ተሰጠው። ነገሩ እድገት ይመስል ነበር፤ ዳሩ ግን ጄቱ ሩቅ የማይሄድና የተነጠፈ ሜዳ የሚሻ ሆኖ ተገኘ። ብራዚል ደግሞ እጅግ ሰፊ አገር ናት፤ ትርኢቱን ለማየት ከሚፈልጉት ከተሞችም ብዙዎቹ አጭር የሣር ሜዳ ብቻ ነበራቸው። ስለዚህ በ1972 ዓመት ጄቱን ትተው በአሮጌው ቲ 6 ብቻ ቀጠሉ። በ1983 ዓመት ግን ቱካኖ የተባለ በዚያው በብራዚል የተሠራ አይሮፕላን አገኙ፤ ይህም ተርቦፕሮፕ ሞተር ያለው ነው። ከ2015 ዓመት ጀምሮ የሚያሳዩት በታላቅ ወንድሙ በሱፐር ቱካኖ ነው። እንግዲህ ጄቱ ያልቻለውን ፕሮፔለሩ የቻለው ስለ ምን ነው? መልሱ በሞተሩ ውስጥ ነው።

ይህን ሞተር ለመረዳት ከብረት ቀጥቃጭ ቤት መጀመር ይሻላል። ቀጥቃጩ ብረቱን ለማጋል ሲፈልግ ወናፉን ያስነፋል፤ ወናፉ አየርን አፍኖ ወደ ከሰሉ ይገፋል፤ ከሰሉም አየር ባገኘ ቍጥር ይበልጥ ይነዳል። አሁን ከምድጃው የሚወጣው ትኵስ አየር ተበትኖ እንዳይቀር በጠባብ ቦይ ተመርቶ ወጣ እንበል። በቦዩ አፍ ላይ እንደ ውሃ ወፍጮ ያለ ባለ ብዙ መቅዘፊያ መንኰራኵር ቢተከል፥ ውሃ ወፍጮውን እንደሚያዞር ትኵሱ አየር መንኰራኵሩን ያዞረዋል። ከዚያም የመንኰራኵሩ ዘንግ ከወናፉ ጋር ቢገናኝ፥ እሳቱ ራሱ ወናፉን ይነፋል፤ ወናፉም እሳቱን ያነዳል። ወናፍ የሚነፋው ልጅ ሥራ ፈታ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አስተዋይ ሽማግሌ «እሳቱ ወናፉን፥ ወናፉ እሳቱን የሚያነዳ ከሆነ፥ ይህ ነገር ከምንም ኃይል ተገኘ ማለት አይደለምን?» ቢል ጥያቄው የተገባ ነው። ኃይሉ የሚገኘው ከነዳጁ ነው። የታመቀ አየር ነዳጅ ሲቃጠልበት ይሞቃል፤ የሞቀ አየር ሰፊ ስፍራ ይሻል፤ ለመስፋት ሲሮጥ የሚሰጠውም ኃይል እርሱን ለማመቅ ከወጣው ኃይል ይበልጣል። እውነት ነው፥ ከተገኘው ኃይል ከግማሽ የሚበልጠው ተመልሶ ለማመቂያው ይውላል፤ የቀረው ግን ትርፍ ነው። ያ ትርፍ ወደ ኋላ በፍጥነት እንዲወረወር ቢደረግና አይሮፕላኑን በግፊቱ ቢያስኬድ ሞተሩ ጄት ይባላል። ትርፉ ሌላ መንኰራኵር አዙሮ በዚያ ፕሮፔለር ቢያሽከረክር ግን ተርቦፕሮፕ ይባላል። ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነው። መጀመሪያ ማን ይነፋል ለሚለው፥ ሞተሩ ሲነሣ በባትሪ ኃይል የሚሠራ ትንሽ ሞተር ማመቂያውን ያዞርለታል፤ እሳቱ ከተያያዘ በኋላ ይለቀዋል።

አስተማሪው ይህን በተማሪ ቤት ለማሳየት ቢፈልግ ውሃ የፈላበት ጀበናና የወረቀት መንኰራኵር ይበቁታል። መንኰራኵሩን በቀጭን እንጨት ላይ ሰክቶ በጀበናው አፍ ፊት ቢያቆመው እንፋሎቱ ያዞረዋል። ልጆቹ ግን እጃቸውን ከእንፋሎቱ እንዲያርቁ ይጠንቀቅ፤ የእንፋሎት ቃጠሎ ከፈላ ውሃ ይብሳል።

ይህን አሳብ በሥራ ላይ ለማዋል የደከሙ ሰዎች ብዙዎች ናቸው። በሀንጋሪ አገር ጂዮርጂ ዬንድራሺክ የተባለ መሐንዲስ በቡዳፔስት ከተማ የሠራው ሞተር በ1940 ዓመት በመሞከሪያ ስፍራ ላይ ዞሯል፤ ይሁን እንጂ አንድም አይሮፕላን ሳያስነሣ ቀረ። በተርቦፕሮፕ ኃይል የመጀመሪያው በረራ የተደረገው መስከረም 20 ቀን 1945 ዓመት በእንግሊዝ አገር፥ ሮልስ ሮይስ በሠራው ትሬንት በተባለ ሞተር ነው። ቫይካውንት የተባለው የመጀመሪያው መንገደኛ ጫኝ ተርቦፕሮፕ በ1948 ዓመት በረረ። በ1965 ዓመትም የሩሲያ መንግሥት አንቶኖቭ 22 የተባለውን አይሮፕላን ወደ ለቡርዤ ትርኢት ልኮ ተመልካቹን አስደነቀ፤ አራቱ ሞተሮቹ እያንዳንዳቸው 15,000 የፈረስ ጕልበት ያላቸው ነበሩ፤ ከእርሱ የሚበልጥ ተርቦፕሮፕ አይሮፕላን እስከ ዛሬ ለሥራ አልዋለም።

የብራዚሉ ጓድ የሚበርበት ሞተር ግን ትንሽ ነው። ስሙ ፒ ቲ 6 ይባላል፤ ፕራት ኤንድ ዊትኒ ካናዳ የተባለው ኩባንያ በ1960 ዓመት መጀመሪያ አዞረው፥ በ1961 ዓመት አበረረው፤ ከዚያ ወዲህ ከ50,000 በላይ ተሠርቷል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ትንንሽ ሜዳዎች ይልካቸው የነበሩት ትዊን ኦተር የተባሉት አይሮፕላኖች ሞተራቸው ይኸው ነበር። የአሮጌው ቲ 6 ሞተር እንደ አበባ በክብ የተደረደሩ 9 ሲሊንደሮች ነበሩት፤ በእያንዳንዱም ፒስቶን ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለስ ነበር። ክብደቱ ከ400 ኪሎ ግራም በላይ ሲሆን ጕልበቱ 600 ነበር። በቱካኖ ላይ የተተከለው ፒ ቲ 6 ክብደቱ 160 ኪሎ ግራም ያህል ሲሆን ጕልበቱ 750 ነው። በሱፐር ቱካኖ ላይ ያለው ደግሞ 1,600 ይደርሳል። ፒስቶን በተመላለሰ ቍጥር መቆምና እንደ ገና መነሣት አለበት፤ ተርባይን ግን ባንድ ወገን ብቻ ሳያቋርጥ ይዞራል፤ የብርታቱ ምክንያት ከፊሉ ይህ ነው።

የፒ ቲ 6 አሠራር በአንድ ነገር ያስገርማል፤ ወደ ኋላ የተገለበጠ ነው። አየሩ በአይሮፕላኑ አፍንጫ በታች ይገባና በሞተሩ ዙሪያ አልፎ ወደ ኋለኛው ጫፍ ይሄዳል። ከዚያ ወደ ፊት ይመለሳል። በመጀመሪያ ሦስት ባለ ብዙ ምላጭ መንኰራኵሮች በየተራ ያምቁታል፤ አራተኛው መንኰራኵር ደግሞ እንደ ወንጭፍ ወደ ዳር ወርውሮ ይበልጥ ያምቀዋል። በዚህም አየሩ በውጭ ከነበረበት ስድስት እጥፍ ያህል ይታመቃል። ቀጥሎ ወደ ማቃጠያው ክፍል ይገባል፤ በዚያም ከላምባ ጋር የሚቀራረብ ነዳጅ እንደ ጤዛ ደቅቆ ይረጭበታል። የነበልባሉ ሙቀት ወደ 2,000 ዲግሪ ይደርሳል። ብረት ይህን አይችልም፤ ስለዚህ ከገባው አየር አብዛኛው ለመቃጠል ሳይሆን ነበልባሉን ከግድግዳው ለማራቅና የሚወጣውን ጋዝ ለማብረድ ያገለግላል።

ትኵሱ ጋዝ ከዚህ ሲወጣ በመጀመሪያው ተርባይን ላይ ያልፋል፤ ይህ ማመቂያውን ያዞራል፥ ፍጥነቱም በደቂቃ ከ30,000 ዙር ይበልጣል። ከፊቱ ሁለተኛ ተርባይን አለ። ሁለቱ ፊት ለፊት ይተያያሉ እንጂ አይነካኩም፤ የሚያገናኛቸው ዘንግ የለም፤ የሚያገናኛቸው የጋዙ ንፋስ ብቻ ነው። ልጆች ሁለት የወረቀት መንኰራኵር ተከታትለው ቢያቆሙና ቢነፉ በፊተኛው ያለፈው ንፋስ ኋለኛውን እንደሚያዞር ያዩታል። ከሁለተኛው ተርባይን የሚነሣው ዘንግ በጥርሳም መንኰራኵሮች በኩል ወደ ፕሮፔለሩ ይሄዳል፤ ሥራውን የፈጸመው ጋዝ ግን ከአፍንጫው አጠገብ በግራና በቀኝ ባሉት ሁለት ቧንቧዎች ይወጣል።

ጥርሳም መንኰራኵሮቹ ስለ ምን አስፈለጉ? ይህን ለማስረዳት ሒሳብ ይሻላል፤ ከፍ ያለው ክፍል ተማሪዎችም ሊሠሩት ይችላሉ። ከጫፍ እስከ ጫፍ 2 ሜትር ከ40 የሆነ ፕሮፔለር አንድ ጊዜ ሲዞር ጫፉ 7 ሜትር ተኩል ያህል ይሄዳል። በደቂቃ 2,000 ጊዜ ቢዞር በሰከንድ 250 ሜትር ያህል ይሄዳል ማለት ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ የሚሄደው በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው። የፕሮፔለር ጫፍ ከድምፅ የፈጠነ እንደ ሆነ አየሩን በሚገባ መያዝ ይሳነዋል፤ ጩኸቱም ይበዛል፥ ጕልበቱም በከንቱ ይጠፋል። ተርባይኑ በሚዞርበት በ30,000 ዙር ቢዞርማ ከድምፅ አሥር እጥፍ በላይ ሊፈጥን ነው፤ ራሱም ተሰነጣጥቆ ይበተናል። ስለዚህ ጥርሳም መንኰራኵሮቹ ፈጣኑንና ደካማውን ዙር ወደ ዝግተኛና ብርቱ ዙር ይለውጡታል።

ፕሮፔለሩም ራሱ ብልሃት አለው። መቅዘፊያዎቹ በቁማቸው የጸኑ አይደሉም፤ እያንዳንዱ በመሠረቱ ላይ እንደ መዝጊያ ይዞራል። ፊቱን ጥቂት ያዘነበለ መቅዘፊያ ትንሽ አየር ይጐርሳል፤ ብዙ ያዘነበለ ብዙ ይጐርሳል። ገበሬ ድግሩን ጠለቅ ሲያደርግ በሬዎቹ እንደሚከብዳቸው፥ መቅዘፊያው ብዙ ሲጐርስ ሞተሩ ይከብደዋል። በፕሮፔለሩ ላይ ያለ ተቈጣጣሪ መሣሪያ ዙሩ ከተወሰነለት ሲጨምር መቅዘፊያውን ያዘነብላል፥ ዙሩ ሲቀንስ ያቀናዋል፤ ይህንም የሚያደርገው በዘይት ግፊት ነው። ስለዚህ ነጂው ሽቅብም ቢወጣ ቍልቍልም ቢወርድ ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ጸንቶ ይኖራል።

ይህ በትርኢት ላይ የሚሰጠው ጥቅም ብዙ ነው። ጄት ሞተር ከዝግታ ወደ ሙሉ ኃይል ለመድረስ ጥቂት ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ተርቦፕሮፕ ግን ፕሮፔለሩ አስቀድሞ በሙሉ ዙሩ ስላለ መቅዘፊያው ሲያዘነብል መጐተቱ ቶሎ ይመጣል። ኃይሉን ሲቀንስም የቀናው መቅዘፊያ ንፋሱን እየተጋፋ እንደ ልጓም ያቆመዋል። ዝቅ ባለ ፍጥነትም ብዙ አየር ስለሚይዝ በአጭር ሜዳ ይነሣል፤ የብራዚሉ ጓድ የተቸገረበት ነገር በዚህ ተፈታ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የስፍራ ጥበት ነው። አይሮፕላን ሲዞር የሚፈልገው ስፍራ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ስፍራው አራት እጥፍ ይሆናል። በሰከንድ 100 ሜትር የሚሄድ አይሮፕላን በክብደቱ ሦስት እጥፍ ኃይል ወደ ውስጥ እየተሳበ ቢዞር ከዙሩ መካከል እስከ ዳሩ 340 ሜትር ያህል ይበቃዋል። በሰከንድ 200 ሜትር የሚሄደው ግን 1,360 ሜትር ይሻል። ስለዚህ ፈጣኑ ጄት ሲዞር ከተመልካች ዓይን ርቆ ተራራውን ዞሮ ይመለሳል፤ ተርቦፕሮፑ ግን በሕዝቡ ፊት ሳይሰወር ሥራውን ይፈጽማል።

ከልዩ ልዩ ሥራዎቹ አንዱን፥ ሉፕ የተባለውን ወደ ላይ የሚደረግ ዙር፥ እንመልከት። ነጂው በሙሉ ኃይል ቀጥ ብሎ ይመጣና መሪውን ወደ ራሱ ይስባል። በዚያን ጊዜ ሰውነቱ ይከብደዋል፤ 60 ኪሎ የነበረው ሰው 240 ኪሎ የሆነ ይመስለዋል። ደም ከራሱ ወደ እግሩ ይወርዳል፥ ዓይኑም ይጨልማል፤ ስለዚህ ሆዱንና እግሩን አጥብቆ ይወጥራል፥ ይህንንም የሚያግዝ በአየር የሚነፋ ልብስ ይለብሳል። አይሮፕላኑ ሽቅብ ሲወጣ ፍጥነቱ ይወድቃል፤ ፕሮፔለሩ ወደ አንድ ወገን ስለሚዞር አይሮፕላኑን ወደ ግራ ይጐትተዋል፥ ነጂውም በቀኝ እግሩ ይመልሰዋል። ቍልቍል ሲወርድ ነገሩ ይገለበጣልና ግራ እግሩን ይጨምራል። ተመልካቹ የሚያየው ለስላሳ ክብ ነው፤ በውስጡ ያለው ሰው ግን እግሩ አንድ ጊዜ እንኳ አያርፍም።

በክቡ ጫፍ ላይ፥ አይሮፕላኑ ተገልብጦ ባለበት ጊዜ፥ ነጂው አንድ ነገር ማየት አለበት፤ ከፍታውን። ለመውረድ የሚበቃው ከፍታ አስቀድሞ በሒሳብ ተቈርጦ ተሰጥቶታል። ከዚያ በታች እንደ ሆነ ክቡን መፈጸም የለበትም፤ አይሮፕላኑን ወደ ጐን አቃንቶ መውጣት ብቻ ነው ያለው። ይህን የሚወስንበት ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰከንድ አይበልጥም። በአዲስ አበባ ከፍታ ያህል ባለ አገር ደግሞ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው አምስተኛ እጅ ያህል ስለሚሳሳ ክንፉም ሞተሩም ከኃይላቸው ይቀንሳሉ፤ ሒሳቡም በዚያው መጠን መለወጥ አለበት።

ተገልብጦ መብረር ሌላ ችግር አለው። እንስራ ሲገለበጥ ውሃው እንደሚፈስ፥ ነዳጁና ዘይቱም ወደ ጋኑ ጣሪያ ይሄዳሉ፤ ቧንቧው ባዶ አየር ይስባል፥ ሞተሩም ይጠፋል። ስለዚህ ለትርኢት የሚሆን አይሮፕላን ተገልብጦም ቢሆን ነዳጅና ዘይት የሚያደርስ ልዩ ጋንና ልዩ መሳቢያ ይሠራለታል። የጢሱም ነገር ብዙ ሰው የተሳሳተበት ነው። ነጩ ጢስ ከሞተሩ እሳት የሚወጣ፥ ወይም አይሮፕላኑ የተቃጠለበት ምልክት አይደለም። ነጂው ቍልፍ ሲጫን ቀጭን ዘይት በትኵሱ የጋዝ መውጫ ላይ ይፈስሳል፤ ዘይቱ ሳይነድ ተንኖ ወደ ውጭ ሲወጣ ይቀዘቅዝና እንደ ደመና ነጭ ሆኖ ይታያል። ይህም ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ጓደኞቹ በሩቅ ሆነው የት እንዳለ ያዩበታል።

በሰልፍ በሚበሩበት ጊዜ ሰባቱ ሁሉ ወደ ፊት የሚያዩ ይመስላል። እንዲህ ግን አይደለም። ምድርን የሚያየው፥ ከፍታን የሚቈጥረው መሪው ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ዓይናቸውን በመሪው ወይም በአጠገባቸው ባለው አይሮፕላን ላይ ተክለው እርሱን ብቻ ይከተላሉ። በማኅሌት ጊዜ ደባትሩ መቋሚያቸውን ባንድነት የሚያነሡት እያንዳንዱ ለራሱ ቈጥሮ ሳይሆን መሪውን ተመልክቶ እንደ ሆነ ያለ ነው። ልዩነቱ በዚህ የሳተ ሰው ንባብ ይሰብራል፤ በዚያ የሳተ ግን ነፍስ ያጠፋል። መሪው ከፍታውን ሳተ ማለት ሁሉም ሳቱ ማለት ነው።

እስከ ዛሬ የፈሰሰውን ደም ሳይናገሩ ስለ ትርኢት መጻፍ ተገቢ አይደለም። መስከረም 6 ቀን 1952 ዓመት፥ የብራዚሉ ጓድ በጀመረበት በዚያው ዓመት፥ በፋርንቦሮ ዲ ኤች 110 የተባለ የእንግሊዝ ጄት በሕዝቡ ፊት ሲዞር በአየር ላይ ተበጣጠሰ። ሞተሩ ተወርውሮ በኮረብታ ላይ ከቆመው ሕዝብ መካከል ወደቀ፤ 29 ተመልካቾችና በውስጡ የነበሩት ጆን ዴሪና አንቶኒ ሪቻርድስ ሞቱ። ከዚህ በኋላ እንግሊዞች ሕግ አወጡ። በሕጉ ጄት ቀጥ ብሎ ሲያልፍ ከሕዝቡ 210 ሜትር ያህል፥ ሲዞርና ሲገለባበጥ 410 ሜትር ያህል መራቅ፥ ከምድርም 150 ሜትር ያህል ከፍ ማለት ተወሰነበት። የሕጉ ምክንያት ግልጥ ነው፤ የተሰበረ ነገር ሲወረወር በነበረበት አቅጣጫ ይቀጥላልና።

ነሐሴ 28 ቀን 1988 ዓመት በጀርመን አገር በራምሽታይን የሆነው ይህንኑ ይመሰክራል። አሥር የኢጣሊያ አይሮፕላኖች በጢስ የልብ ሥዕል እየሠሩ ሳለ፥ አንዱ ልቡን ሊወጋ ከፊት ለፊት ወደ ሕዝቡ አቅጣጫ መጣ። ከሌሎቹ ጋር ተጋጨ፤ እርሱም እየነደደ ወደ ተመልካቹ ገባ። ሦስቱን ነጂዎች ጨምሮ 70 ሰዎች ሞቱ። ወደ ሕዝብ ፊቱን አዙሮ የሚደረግ ሥራ ምንም ያህል ቢያምር መደረግ የለበትም ብለው ለሚከራከሩ ሰዎች ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ የለም፤ ክርክራቸውም ትክክል ነው።

እነዚህ ጄቶች ነበሩ፤ በተርቦፕሮፕ የሚበር ግን ስለ ዘገመ ብቻ ከአደጋ ነጻ አይደለም፤ የከፍታው ሒሳብ ለሁሉ አንድ ነው። ነሐሴ 22 ቀን 2015 ዓመት በእንግሊዝ አገር በሾርሃም ሃንተር የተባለ አሮጌ ጄት ከላይ የተነገረውን የሉፕ ሥራ ሲሠራ ወደቀ። መርማሪዎቹ ያገኙት ምክንያት አጭር ነው፤ ሲጀምር ፍጥነቱ አንሶ ነበር፥ በክቡም ጫፍ ላይ ከፍታው ሊበቃው ከሚገባው በታች ነበር፥ ይሁን እንጂ ወደ ጐን አቃንቶ መውጣትን ትቶ ቍልቍል ቀጠለ። በአጥሩ ውስጥ ገንዘብ ከፍለው የቆሙት ተመልካቾች አልተነኩም። የሞቱት 11 ሰዎች በሜዳው አጠገብ በሚያልፈው የመኪና መንገድ ላይ የነበሩ ናቸው። ከ1952 ዓመት ጀምሮ የነበረው ሕግ በአጥሩ ውስጥ ያለውን ሰው ጠብቆ ነበር፤ በውጭ የሚያልፈውን ግን በሚገባ አላሰበም። ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝ አገር ትርኢት የሚያዘጋጅ ሰው ፈቃድ ለማግኘት የሜዳውን ካርታ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን መንገድና ቤት፥ ትርኢቱን በነጻ ለማየት በየጥጋጥጉ የሚሰበሰበውንም ሕዝብ ጭምር አስቀድሞ መመርመር አለበት።